ከሲኒማ መጋረጃ እስከ ጄፒ፦ የፊልም ልብስ የማን ነው?

ስለ ሴቶች ልብስ ለመጻፍ መሐንዲስ ምን አገባው ብላችሁ ብትስቁ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን ጆሃንስበርግ የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ ሙያው ምንም ይሁን ምን፣ ከልብስ ንግድ ርቆ መኖር አይችልም። ወይ ዘመዱ፣ ወይ ጎረቤቱ፣ ወይ የዕድሩ አባል ልብስ ነጋዴ ነው። ለሠርግም ሆነ ለክርስትና ስንሰባሰብ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ «ዘንድሮ ምን እየሄደ ነው?» ወደሚለው ጥያቄ ይመጣል። መልሱም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰሞኑን በፊልም፣ በተከታታይ ድራማ ወይም በዘፈን ክሊፕ የታየው ልብስ ነው የሚሄደው።

እኔ በሙያዬ የለመድኩት አንድ ዕቃ ከየት ተነሥቶ፣ በእነማን እጅ አልፎ፣ በምን ዋጋ የት እንደሚደርስ መከታተል ነው። በዚህ ጽሑፍም የማደርገው ይህንኑ ነው። በፊልም ላይ የታየ ልብስ እንዴት ወደ መንገድ ላይ ሴቶች እንደሚደርስ፣ በመንገዱ ማን እንደሚያተርፍና ማን እንደሚረሳ አብረን እንይ። ነገሩ የሩቅ የሆሊውድ ወሬ ይመስላል፤ መጨረሻው ግን እኛው ደጅ ነው። (ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሚሻገረው ምልክቱ ነው

«ያ ፊልም ይህን ፋሽን አመጣ» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ፊልም ግን በራሱ ልብስ አይሰፋም፣ ልብስም አይሸጥም። በመካከል ሌሎች ሰዎች አሉ።

የታወቀውን ምሳሌ እንውሰድ። በ1932 «ሌቲ ሊንተን» በተባለው ፊልም ጆአን ክሮፎርድ ትከሻው ላይ በብዙ እጥፍ እንደ አበባ የተነፋ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ታየች። ቀሚሱን የነደፈው አድሪያን የተባለው የኤም ጂ ኤም የፊልም ኩባንያ ባለሙያ ነበር። ወዲያው ሜሲስ የተባለው የኒው ዮርክ ትልቅ መደብር የቀሚሱን ቅጂ በርካሽ መሸጥ ጀመረ። ግማሽ ሚሊዮን ተሸጠ እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲተረክ ኖሯል፤ ቁጥሩ ተጋንኗል የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። የማያከራክረው ነገር ግን ሥራው በዕድል የተገኘ አለመሆኑ ነው። በዚያ ዘመን በርናርድ ዋልድማን የተባለ ነጋዴ ከፊልም ኩባንያዎች ጋር ተዋውሎ፣ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት የልብሱን ንድፍ ለፋብሪካዎች ያደርስ ነበር። ሴቲቱ ከሲኒማ ቤት ወጥታ መደብር ስትገባ ቀሚሱ ተሰቅሎ ይጠብቃታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአሠራር ነገር ልብ እንበል። የፊልም ልብስ የሚሠራው ለአንዲት ሴት ገላና ለአንድ ካሜራ ነው። በካሜራ የማይታየው ጀርባው በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ሊሆን ይችላል። ተዋናይቷ ታክሲ አትሳፈርበትም፣ ልጅ አታዝልበትም፣ በየሳምንቱ አታጥበውም። ፋብሪካው ይህን ለሺህ ሴቶች ሲሠራ ሐሩን በርካሽ ጨርቅ ይለውጣል፣ ከሃያ ቁራጭ የተገጣጠመውን በስድስት ቁራጭ ይጨርሳል፣ በአምስትና በስድስት ልክ ይቆርጠዋል። በዚህ ሁሉ ቅነሳ መካከል የሚተርፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ዓይን የሚያውቀው ምልክት። የክሮፎርድ ቀሚስ ምልክት ትከሻው ነበር። በ1954 «ሳብሪና» በተባለው ፊልም ኦድሪ ሄፕበርን የለበሰችው ጥቁር ቀሚስ ምልክቱ ከትከሻ እስከ ትከሻ ቀጥ ብሎ የሚሄደው አንገቱ ነበር። ያ አንገት እስከ ዛሬ በልብስ ሰፊዎች ዘንድ «ሳብሪና» ይባላል።

የሳብሪና ነገር ሌላም ያስተምረናል። ፊልሙ በልብስ ንድፍ ኦስካር ሲሸለም ሽልማቱን የወሰደችው ኤዲት ሄድ ነበረች። ሄፕበርን ከፓሪስ የመጡ ሆነው የሚታዩትን ልብሶች ያመጣችው ግን ከወጣቱ ዢቫንሺ ቤት ሲሆን፣ ስሙ በፊልሙ ላይ አልተጻፈም። እሱ በኋላ ዘመን የሚገባውን አግኝቷል። በ1961 ለወጣው «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ፊልም የሠራው ጥቁር ቀሚስ በ2006 ለንደን ውስጥ በጨረታ 467,200 ፓውንድ አውጥቷል። ስሙ የተዘለለው ሰው የፓሪስ ሰው ስለነበረና ሳሎንም ስም ስለነበረው ተካሰ። የተዘለለው ሰው ሳሎን የሌለው ሸማኔ ወይም ዶቃ ሠሪ ቢሆንስ? ጥያቄያችን እዚህ ይጀምራል።

ሶፊያታውን

አሁን ወደምንኖርባት ከተማ እንምጣ። ከጆሃንስበርግ መሀል ከተማ በስተምዕራብ የምትገኘው ሶፊያታውን ጥቁሮች ቤትና መሬት በስማቸው ሊይዙ ከቻሉባቸው ጥቂት ሰፈሮች አንዷ ነበረች። ኦዲን የተባለው ሲኒማ ቤቷ የአሜሪካ ፊልም ያሳይ ነበር። ወንዶቹ ከጋንግስተር ፊልሞች ሱፉንና ባርኔጣውን ወሰዱ፤ ከሰፈሩ ወሮበሎች ዋነኞቹ ራሳቸውን «አሜሪካኖቹ» ብለው ይጠሩ ነበር። ጾጺ የሚለው የዚህ አገር የወሮበላ ስም እንኳ «ዙት ሱት» ከተባለው የአሜሪካ ሰፊ ሱፍ የመጣ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ሴቶቹስ? በ1949 «አፍሪካን ጂም» የተባለ ፊልም ወጣ። ጥቁር ተዋንያን ዋና ሆነው ከሠሩባቸው የመጀመሪያዎቹ የደቡብ አፍሪካ ፊልሞች አንዱ ነው። በዚህ ፊልም የታየችው ዘፋኟ ዶሊ ራቴቤ ኮከብ ሆነች፤ በ1951 የተመሠረተው ድረም መጽሔትም ፎቶዋን ደጋግሞ አወጣ። ከዚያ በኋላ ሜሪያም ማኬባ መጣች። በ1959 ለዕይታ በበቃው «ከም ባክ፣ አፍሪካ» ፊልም ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ዘፍና ዓለም አወቃት። አራት ዓመት ቆይታም አዲስ አበባ መጥታ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ ላይ ዘፍናለች።

ይህ ሁሉ ጌጥ ብቻ አልነበረም። የአፓርታይድ ሥርዓት ጥቁር ሴት በከተማ ውስጥ እንድትታይ የሚፈልገው በአንድ ልብስ ነበር፤ በቤት ሠራተኛ ሽርጥና ካፖርት። ወገቡ ጠበብ ያለ ቀሚስ ለብሳ፣ ከፍ ባለ ጫማ በሶፊያታውን የምትሄድ ሴት «እኔ የከተማ ሰው ነኝ» እያለች ነበር። ቀሚሱን ከፊልም ብታየውም ትርጉሙን የሰጠችው ራሷ ናት። በየካቲት 1955 ፖሊስ የሰፈሩን ነዋሪ በካሚዮን እየጫነ ማፈናቀል ጀመረ፤ ቦታውም «ድል» የሚል ትርጉም ያለው ትሪዮምፍ የሚል የአፍሪካንስ ስም ተሰጠው። ሶፊያታውን የሚለው ስም የተመለሰው በ2006 ነው። ስለዚህ «ሴቶች ፊልም እያዩ ዝም ብለው ይቀዳሉ» የሚለውን ንቀት አልቀበለውም። ሴቶች ከፊልም የሚወስዱት ለኑሯቸው የሚጠቅማቸውን መርጠው ነው።

ፊልሙ ከእኛ ሲወስድ

እስካሁን ያየነው ጉዞ ከሆሊውድ ወደ አፍሪካ ነው። በ2018 የወጣው «ብላክ ፓንተር» ደግሞ ጉዞውን ገለበጠው። የልብሱ ነዳፊ ሩት ካርተር በአብዛኛው የሠራችው ከአፍሪካ ሕዝቦች ልብስ ተነሥታ ነበር። የንግሥቲቱ ባርኔጣ የዙሉ ባለትዳር ሴቶች የሚያደርጉት ኢሲቾሎ ነው። ኢሲቾሎ በጥንቱ ዘመን ከቀይ አፈርና ከስብ ጋር የተሠራ ጸጉር ነበር፤ በኋላ ባርኔጣ ሆነ። ካርተር ይህን ቅርጽ ዩሊያ ኮርነር ከተባለች የኦስትሪያ ተወላጅ ጋር ሆና በኮምፒዩተር በሚመራ የሦስት አውታር ማተሚያ አሠራችው። የሴት ወታደሮቹ የአንገት ቀለበት ከንዴቤሌ ሴቶች የተወሰደ ነው። የድንበር ጠባቂዎቹ ካባ የባሶቶ ብርድ ልብስ ነው። ከሸንጎው አባላት አንዱ በከንፈሩ ያደረገው ሸክላ ደግሞ የእኛዎቹን የሙርሲንና የሱሪን ሕዝቦች ያስታውሳል፤ በአገራችን ግን ሸክላውን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። ካርተር በ2019 ኦስካር ስትቀበል በልብስ ንድፍ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች።

ፊልሙ ሲታይ በጆሃንስበርግም ሆነ በሌሎች የአፍሪካ ከተሞች ብዙ ሰው ሲኒማ ቤት የገባው የአገር ልብሱን ለብሶ ነበር። ሴት አያት ለበዓል ብቻ የምታወጣውን ልብስ ወጣት ልጅ ለፊልም ለበሰችው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፊልሙ የራሳቸውን ልብስ በትልቅ መጋረጃ ላይ አክብሮ መለሰላቸው።

ግን ገንዘቡስ? ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። የባሶቶ ብርድ ልብስ ከራንድፎንቴይን፣ ከዚሁ ከጆሃንስበርግ ምዕራብ፣ አራንዳ ከተባለው ፋብሪካ ይወጣል። በ2017 ሉዊ ቪቶን በዚህ ብርድ ልብስ ንድፍ የወንድ ሸሚዝ ሠርቶ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ራንድ ሲሸጥ አገሩ ተቆጣ። ሁለተኛው የላዱማ ንጎኮሎ ነው። ይህ ወጣት ለግዝረት ወጥተው ለሚመለሱ የኮሳ ጎረምሶች ከዶቃ ጌጥ ንድፍ ተነሥቶ ሹራብ መሥራት ጀመረ፤ ድርጅቱም ማኮሳ ይባላል። በ2018 ዛራ የእሱን የሚመስል ንድፍ ያለው ካልሲ ለገበያ ሲያቀርብ በጠበቃ ተከራከረ፤ ዛራም ካልሲውን ከገበያ አነሣ። የላዱማ ንድፍ የራሱ ሥራ፣ ስምና ቀን ያለው ስለነበር ሊከራከር ቻለ። የአያቱን ዶቃ የሠሩት ሴቶች ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም። ሕግ የሚያውቀው ስምና ቀን ያለውን ነው፤ የሕዝብ ጥበብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የለውም።

የመጨረሻው እጅ

አሁን ሰንሰለቱን እስከ ጫፉ እንከተለው። ጫፉ ጄፒ ነው።

የጄፒ ጎዳና ዛሬ በይፋ ራሂማ ሙሳ ይባላል። ትይዩ ያለው የቀድሞው ብሪ ጎዳና ደግሞ ሊሊያን ንጎዪ ሆኗል። ሁለቱም በኦገስት 9 ቀን 1956 ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ይዘው የመታወቂያ ሕጉን በመቃወም ፕሪቶሪያ የሄዱ መሪዎች ናቸው። ሊሊያን ንጎዪ በልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና ሠራተኛ ነበረች። ወገኖቻችን ልብስ የሚሸጡበት ሰፈር በልብስ ሰፊ ስም መጠራቱን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ወገኖቻችን ሐኪሞች ለቀዋቸው የሄዱትን ሕንፃዎች፣ ለምሳሌ ሜዲካል አርትስን፣ ክፍል በክፍል እየከፋፈሉ በትንንሽ ሱቆች ሞሏቸው። ከዚምባብዌ፣ ከዛምቢያ፣ ከማላዊ፣ ከሞዛምቢክ የሚመጡ ነጋዴ ሴቶች በጅምላ ገዝተው፣ በትልልቅ ከረጢት ጠቅጥቀው በአውቶቡስ ይመለሳሉ። እነዚህ ሴቶች ደግሞ አገራቸው ያለችው ደንበኛ ትናንት ማታ በቴሌቪዥን ምን እንዳየች ያውቃሉ። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያሳያሉ። ነጋዴው ፎቶውን ወደ ቻይና ወደሚያሠራበት ሰው ይልካል፤ ዕቃው በኮንቴይነር ደርባን ወደብ ይገባና በካሚዮን ጄፒ ይደርሳል። ዋልድማን በ1930ዎቹ ኒው ዮርክ የሠራውን ሥራ ዛሬ የሐዲያና የከምባታ፣ የአዲስ አበባና የጎንደር ልጆች በአንድ ስልክ ይሠሩታል። ይህን ስል ለማናናቅ አይደለም፤ ትልቅ ችሎታ ነው።

በየዓመቱ ሴፕቴምበር 24 የቅርስ ቀን ሲቃረብ ገበያው ይደምቃል። ተማሪውም የቢሮ ሠራተኛውም የአገር ልብስ ይፈልጋል። እውነተኛ የንዴቤሌ ዶቃ ሥራ አንዲት ሴት ለሳምንታት ተቀምጣ አንድ በአንድ የምትሰካው ነው። ሱቁ ላይ የተሰቀለው ደግሞ የዶቃው ሥዕል የታተመበት ፖሊስተር ነው። ደመወዟ ትንሽ የሆነች እናት ለልጇ ይህን ብትገዛ ማን ይፈርድባታል? ባለ ሱቁስ ቢሆን የሱቅ ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት እየጠበቀው ምን ያድርግ? ቢሆንም አንድ እውነት አለ። ከሆሊውድ ነዳፊዋ እስከ ጄፒ ባለ ሱቅ ድረስ ሁሉም ከዚያ ዶቃ ትንሽ ትንሽ አግኝቷል። ምንም ያላገኘችው ዶቃ ሰኪዋ ናት።

ሽሮ ሜዳ

ይህን ሥዕል በእኛ አገር ላይ ብንገለብጠው ምን እናያለን? አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብላ የጠራች ከተማ ናት። ቢሆንም የውጭ ልብስ በፊልምም በመጽሔትም መግባቱ አልቀረም፤ ሚኒ ቀሚስም መጣ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም.፣ እንደ ፈረንጆች በማርች 1968 መሆኑ ነው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ተማሪዎች ተቃውሞ አስነሡ። እንግዶች በእንቁላል ተመቱ፣ ሴቶች ተዋረዱ፣ ፖሊስ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። በዚያ ዘመን የተነሣው ጥያቄ «ልብሱ የማን አገር ነው?» የሚል ነበር። የልብሱ ዋጋ ለማን ኪስ እንደሚገባ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም። ሴቶቹንማ ማንም አልጠየቃቸውም።

ዛሬ ደግሞ የእኛ ሲኒማ የዘፈን ክሊፕ ነው። ዘፋኟ አዲስ ዓይነት የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ስትታይ፣ ሙሽራ በሙሉ ያንኑ ፎቶ በስልኳ ይዛ ሽሮ ሜዳ ትወርዳለች። እዚህ ጆሃንስበርግ ያለችውም ፎቶውን ለእህቷ ትልካለች። ይህ ለጋሞና ለዶርዜ ሸማኔዎች መልካም ዜና መሆን ነበረበት። ግን በዚያው ገበያ፣ በዚያው ረድፍ፣ የጥበብ ሥዕል የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ከቻይና መጥቶ በርካሽ ይሸጣል። ሸማኔው ጥበብ ሲሠራ ባለ ቀለሙን ክር በድሩ መካከል በእጁ እየለቀመ ያስገባል፤ አንድ ጥሩ ቀሚስ ቀናትና ሳምንታት ይፈጃል። ማሽኑ ያንን በደቂቃዎች ያትመዋል። ዲዛይኑ ከሸማኔው ነው የመጣው፣ ዋጋው ግን ወደ እሱ አይመለስም።

ይህን ስንሰማ እንቆጣለን፤ «ባህላችን ተዘረፈ» እንላለን። ልክ ነን። ግን በሽሮ ሜዳ የሚያስቆጣን ነገር በጄፒ እንጀራችን ነው። የሸማኔው ልጅ የምትለውንና የንዴቤሌ ዶቃ ሰኪዋ ልጅ የምትለውን ጎን ለጎን ብናስቀምጠው ቃል በቃል አንድ ነው። አንዱን ሰምተን ሌላውን ካልሰማን ቁጣችን ለባህል አይሆንም፤ ለራሳችን ብቻ ይሆናል።

ምን ይደረግ?

«ሱቅ ዝጉ» የሚል ምክር ከመሐንዲስ አይጠበቅም። ርካሽ ልብስ ይኖራል፣ መኖርም አለበት። የሚቻለው ርካሹ በውዱ ስም እንዳይሸጥ ማድረግ ነው። ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሚሆነን የዚሁ አገር ሽዌሽዌ ጨርቅ ነው። ዳ ጋማ የተባለው የምሥራቅ ኬፕ ፋብሪካ ሽዌሽዌውን በጀርባው ማኅተም ያትምበታል። ገዢዎቹ ሴቶችም ጨርቁን ገልብጠው ማኅተሙን ያያሉ፣ ገና ያልታጠበ ጨርቅ እንደሚደርቅ ያውቃሉ፣ አንዳንዶቹም በምላሳቸው ነክተው ጨውነቱን ይቀምሳሉ። አስመስሎ የተሠራው ይሸጣል፤ ግን የምታውቅ ሴት አትታለልም። ለጥበባችንም እንዲህ ያለ ልማድ ያስፈልገዋል። ቀሚስ ስትገዙ ጀርባውን ገልብጡ። በሸማኔ የተሠራ ከሆነ ክሩ በጀርባውም ይታያል፤ የታተመ ከሆነ ጀርባው ፈዞ ይቀራል። የሠራው ሰው ስም እንዲነገራችሁም ጠይቁ። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ2007 ለምለምን ስትመሠርት ያሳየችው የሸማኔ እጅ ሥራ ውጭ አገር በሸማኔ ዋጋ ሊሸጥ እንደሚችል ነው።

ጄፒ ላይ ለምትሠሩ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከታተመው ልብስ ጎን ለአንድ ሁለት እውነተኛ ሥራ ቦታ ስጡ፤ የዶቃ ማሰሪያም ቢሆን፣ በሠሪዋ ስምና በተገቢው ዋጋ። በየሱቁ አንድ መስቀያ ማለት ነው። ከዚምባብዌና ከማላዊ የምትመጣው ነጋዴ ሴት ልዩነቱን ካየች ለደንበኛዋ ትነግራለች። ነገ አንድ ፊልም የእኛን ጥበብ በትልቁ መጋረጃ ላይ ቢያወጣው፣ በሌላ አገር ያለ ባለ ሱቅ ለእኛ ሸማኔ እንዲያደርግልን የምንመኘው ይህንኑ ነው።

አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። የሰው ጥበብ ግን ያደምቃል፤ ፊልሞቹም፣ ሴቶቹም፣ ገበያውም አሳይተውናል። የሚቀረው ያደመቀንን ሰው በስሙ ጠርቶ ዋጋውን መክፈል ነው።

ቸር ይግጠመን።